የትምህርት ቤት በር ላይ ያለው መንገድ ለልጆቻችን ሲያሰጋ፦ ለማን፣ መቼ፣ እንዴት እናመልክት?

ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ የውሃ ኮዳዋ ከቦርሳዋ ወድቆ ወደ አስፋልቱ ይንከባለላል። ዓይኗ ኮዳው ላይ ነው። ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ብቅ ስትል፣ በዚያ በኩል የሚመጣው ፒክአፕ ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ያዘ። ቆመ። በእሷና በመኪናው መካከል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። ልጅቷ ኮዳዋን አንስታ፣ በዩኒፎርሟ ጠርጋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ግቢ ገባች። እኛ ወላጆች ግን እግራችን ከዳን።

ያን ቀን ሁላችንም ጮህን። ሾፌሩ ላይ ጮህን፣ ጥበቃው ላይ ጮህን፣ እርስ በርስም ተጯጯህን። በማግሥቱ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ፤ መንገዱም እንደነበረው ቀጠለ። ነገሩን በሥርዓት የያዝነው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ደብዳቤ በሩ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እስኪሠራልን ዘጠኝ ወር ፈጅቶብናል። የሠራልንንም ያልሠራልንንም እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ሌላው ወላጅ ከዜሮ እንዳይጀምር። የምጽፈው ስለ አዲስ አበባ ነው፤ ክልል ላይ የሚለየውን በቦታው እጠቅሳለሁ።

«ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚል ሰው አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሰዎች ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ጭንቀታችሁ የተጋነነ አይደለም።

መጀመሪያ በሩ ላይ ቁሙና ለኩ

ወደ የትኛውም ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ቀን በሩ ላይ ቁሙ። ጠዋት ከ1:30 እስከ 2:30፣ ከዚያ ደግሞ ተማሪ ሲለቀቅ። ለብቻችሁ አትቁሙ፤ ሁለት ሦስት ወላጅ ይሁን። ደብተር፣ ስልክ፣ ግንበኞች የሚይዙት ረጅም ሜትር ያዙ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግ ዕቃ የለም።

መጀመሪያ የምታዩት ልጆቹ በትክክል በየት እንደሚሻገሩ ነው። ዜብራው የተቀባበትና ልጆች የሚሻገሩበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። እኛ ጋ ዜብራው ከበሩ 80 ሜትር ይርቅ ነበር፤ ልጆቹ ግን ከታክሲ ወርደው በቀጥታ ወደ በሩ ነው የሚሮጡት። ልጅን «ለምን ዞረህ አልሄድክም» ብሎ መቆጣት ይቻላል፣ ግን ማቋረጫው ልጆቹ ወዳሉበት ቢመጣ ይሻላል።

ከዚያ እንቅፋቱን ጻፉ። በሩ ላይ ተደርቦ የሚቆም ታክሲ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ የተከመረ አሸዋ፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቱቦ፣ ልጆችን ወደ አስፋልት የሚያስወርድ ጉልት። ጉልት የያዙትን እናቶች እንደ ጠላት አትጻፏቸው። ልጆቹን በስማቸው የሚያውቁት፣ ስንት ጊዜ ልጅ ለጥቂት እንደተረፈ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ለእኛ ከሁሉም በላይ ጠቃሚውን መረጃ የሰጡን ቆሎ የሚሸጡ እናት ናቸው። «ልጆቼ፣ ጠዋቱንስ ተዉት፤ አርብ ከሰዓት ነው የሚብሰው» አሉን። ሄደን አየን፣ እውነታቸውን ነው።

አሁን ፍጥነት። ራዳር አያስፈልግም። በመንገዱ ዳር 50 ሜትር ለኩና ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት አድርጉ፤ የመብራት ምሰሶም ይሆናል። አንድ ሰው መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ እጁን ያወጣል፣ ሌላው በስልኩ ሰዓት ይይዛል። 50 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ያለፈ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ ነው። በ4 ሰከንድ ተኩል ካለፈ 40፣ በ3.6 ሰከንድ ካለፈ 50፣ በ3 ሰከንድ ካለፈ 60 ነው። አርባ ሃምሳ መኪና ለኩ። የሮጡትን ብቻ መርጣችሁ እንዳትይዙ፣ ባለሙያ ወዲያው ይነቃባችኋል። በተከታታይ ያለፉትን ሁሉ መዝግቡ።

የመንገዱን ስፋትም ለኩ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፣ ግን ቢሮ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይሄ ቁጥር ነው። 14 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት በሰከንድ አንድ ሜትር ለምትራመድ ልጅ 14 ሰከንድ ይፈጃል። በሰዓት 50 የሚነዳ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ14 ሰከንድ ወደ 195 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅ በሰላም ለመሻገር 195 ሜትር ርቆ ያለውን መኪና አይታ፣ ፍጥነቱን ገምታ መወሰን አለባት። ይህን ከሕፃን መጠበቅ አይቻልም። ያው መኪና በ30 ቢነዳ ርቀቱ ወደ 117 ሜትር ይወርዳል፣ ሾፌሩም ለመቆም ጊዜ ያገኛል። የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት አገሮች፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ 30 ይሁን ያሉት ለዚህ ነው።

ፎቶ ስታነሱ ቁጢጥ በሉ። ስልኩን በልጅ ቁመት፣ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ያዙት። ለእናንተ መንገዱ ቢታይም ከዚያ ቁመት የቆመው ሚኒባስ ግድግዳ ነው። ያ አንድ ፎቶ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ያስንቃል። የልጆችን ፊት ግን አታንሱ፤ ካነሳችሁም ሸፍኑት።

የተረፉትን አጋጣሚዎች ሁሉ በቀንና በሰዓት መዝግቡ። «ብዙ ጊዜ ልጅ ሊገጭ ነበር» ማንንም አያንቀሳቅስም። «ኅዳር 12 ጠዋት 1:50፣ ከቆመ ታክሲ ጀርባ የወጣ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ፣ ባጃጅ ለጥቂት ሳተው» ግን ያንቀሳቅሳል።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ

ርዕሰ መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህርቷን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ከጀርባቸው ክፍለ ከተማ ብትሄዱ ክስ ይመስላቸዋል፤ በኋላ የእነሱን ማህተም ስትፈልጉ ፊት ይነሷችኋል። እኛ በዚህ ተሳስተናል። ቀድመን ወረዳ ሄደን ነበር፣ ወሬው ሲደርሳቸው ተቀየሙ፣ ያንን ለማስተካከል ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስትገቡ «ትምህርት ቤቱን ልንወቅስ አይደለም የመጣነው፤ አብረን ልንጠይቅ ነው» በሉ፣ ደብተሩን አሳዩ።

ቀጥሎ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ነው፣ ወተመህ የምንለው። ጉዳዩ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ከሦስት እስከ አምስት ሰው ተመርጦ ስማቸው ይስፈር፣ እነሱ ናቸው የሚመላለሱት። ከ«አንዳንድ ወላጆች» የሚመጣ ጥያቄና ማህተም ያለበት የኅብረቱ ጥያቄ ቢሮ ውስጥ አንድ ዓይነት ቦታ አይሰጣቸውም።

መንግሥት እስኪመጣ ትምህርት ቤቱ ራሱ በማግሥቱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ሕፃናቱን ከትልልቆቹ 10 ደቂቃ ቀድሞ መልቀቅ። ተዘግቶ የኖረ የጓሮ በር ካለ በሰላሙ መንገድ በኩል እሱን መክፈት። ሰርቪሶቹ ግቢ ውስጥ ገብተው እንዲያወርዱ ማድረግ። መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ አንድ ጥበቃ በሩን ትቶ መንገዱ ላይ እንዲቆም ማድረግ። የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 እና የፖሊስን 991 በሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በትልቁ መጻፍ።

የትራፊክ ክበብ ተማሪዎችን በተመለከተ የራሴን ልናገር። ሰደርያ ለብሰው «ቁም» የሚል ምልክት ይዘው ጓደኞቻቸውን ሲያሻግሩ ማየት ደስ ይላል፣ እኔም ልጄ ክበቡ ውስጥ ናት። ግን የ13 ዓመት ልጅ ሲኖትራክ ፊት ብቻዋን ልትቆም አይገባም። መኪና ማስቆም የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጆቹ ጠርዙ ላይ ሆነው ጓደኞቻቸውን ያሰልፉ።

ደግሞም እኛው ወላጆች አለን። በሩ ላይ መኪናውን ደርቦ አቁሞ «አንድ ደቂቃ ብቻ» የሚለው ማን ሆነና? እኛ ጋ ከበሩ መቶ ሜትር ራቅ ያለ ሰፊ ቦታ ተመረጠና እዚያ ማውረድ ተጀመረ። መጀመሪያ ማጉረምረም ነበር። በሁለት ሳምንት ለመደ።

መንገዱ የማን ነው?

ብዙ አቤቱታ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፣ የተሳሳተ በር እያንኳኳን። አዲስ አበባ ውስጥ የአስፋልቱ ግንባታና ጥገና፣ የቱቦ ክዳንና የእግረኛ መንገድ ጭምር፣ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ሥራ ነው። ምልክት፣ የዜብራ ቀለም፣ የትራፊክ መብራት፣ የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ጋ ነው። ሕግ ማስከበሩ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ጉልትና የተከመረ አሸዋ በወረዳው ደንብ ማስከበር በኩል ያልቃል። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ከሆነ ወረዳና ክፍለ ከተማ ጀምሩ።

ክልል ላይ ላላችሁ ከተማ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፈው አገር አቋራጭ አስፋልት ግን የፌዴራል ነው፣ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ «የእኛ አይደለም» ሲል ሁልጊዜ ማምለጫ አይደለም። የማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነግራችሁ፣ ከተቻለም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት።

ግራ ከገባችሁ ደብዳቤውን ለአንዱ ጽፋችሁ ለሌሎቹ በግልባጭ አድርሱ። ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ አትርሱ።

ምን ብለን እንጠይቅ?

«መፍትሔ ይፈለግልን» አትበሉ። መፍትሔ ፈላጊ ኮሚቴ ይቋቋምና ያልቃል። የሚቆጠር ነገር ጠይቁ።

በእኔ እምነት ቀዳሚው ጉብታ ነው፤ ሾፌሩ ምልክት አየ አላየ ጉብታ ፍጥነቱን ያስቀንሰዋል። ከተቻለ ዜብራውን ራሱን ጉብታው ላይ ማድረግ፣ ማለትም ከፍ ያለ ማቋረጫ፣ የተሻለ ነው። መንገዱ አራት መስመር ከሆነ መሐሉ ላይ ልጆች ቆመው የሚጠብቁበት ማረፊያ ጠይቁ፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያዩ በሁለት ጊዜ ይሻገራሉ። ከማቋረጫው በፊትና በኋላ መኪና እንዳይቆም መከልከል፣ የታክሲ ፌርማታውን ከበሩ ማራቅ፣ የትምህርት ቤት ምልክት መትከል። ለመግቢያና መውጫ ሰዓት የትራፊክ ፖሊስ ወይም በጎ ፈቃደኛ አስተናባሪ።

የእግረኛ ድልድይ አትጠይቁ ብዬ ልምከር። ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው፣ ትልቅ ነገር ስለሚመስል። ውድ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ተሠርቶም ሰው ደረጃውን አይወጣም። የቀለበት መንገድን ያየ ያውቃል፤ ድልድዩ ቆሞ ሰው አጥር ዘሎ በሥሩ ይሻገራል። የደከመ ልጅም ይህንኑ ያደርጋል።

ይልቅ ከዘላቂው ጎን ጊዜያዊውን ጠይቁ። ለገሃርና ሰባተኛ መጋጠሚያዎች ላይ በቀለምና በቀላል ማገጃ ብቻ ለእግረኛ ቦታ ተሰጥቶ ታይቷል። «በጀት የለም» ለሚለው መልስ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ ተደርጓል።

በራሳችሁ ግን ጉብታ አትሥሩ። ድንጋይ ደርድሮ፣ ሲሚንቶ አፍስሶ ወይም ወፍራም ገመድ አንጥፎ መኪና ማዘግየት በየሰፈሩ ይታያል። ንዴቱ ይገባኛል። ማታ ሞተረኛ ሲወድቅበት ግን ተጠያቂው እናንተ ናችሁ፣ አቤቱታችሁም እዚያው ያበቃል።

ደብዳቤው

አንድ ገጽ ይሁን። ሁለተኛውን ገጽ ማንም አያነበውም፤ ልኬቱና ፎቶው በአባሪ ይግባ። የእኛ ሲጠቃለል ይህን ይመስል ነበር፦

ቀን ………
ለ ……… 
ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤቱ በር ላይ የእግረኛ ደኅንነት ሥራ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ

በ……… ክፍለ ከተማ ወረዳ ……… በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ……… ተማሪዎች ይማራሉ። ከነዚህ አብዛኞቹ ስፋቱ ……… ሜትር የሆነውን አስፋልት በእግር ያቋርጣሉ። ከ……… እስከ ……… ባሉት ቀናት ባደረግነው ልኬት ካለፉት ……… መኪኖች ……… የሚሆኑት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ ነበር። በነዚሁ ቀናት ……… ተማሪዎች ከመገጨት ለጥቂት ተርፈዋል። ዝርዝሩ ተያይዟል።

ስለዚህ፦ አንደኛ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ከፍ ያለ ማቋረጫ እንዲሠራ፤ ሁለተኛ፣ የታክሲ መቆሚያው ከበሩ እንዲርቅ፤ ሦስተኛ፣ ዘላቂው ሥራ እስኪሠራ በመግቢያና መውጫ ሰዓት አስተናባሪ እንዲመደብ እንጠይቃለን። ባለሙያ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1:45 ጀምሮ ቦታውን መጥቶ እንዲያይልን እናመለክታለን።

አባሪ ……… ገጽ
ግልባጭ፦ ………

ስትጽፉ ስድብና ዛቻ አታስገቡ። «ባለሥልጣኑ ለሕፃናት ደንታ ስለሌለው» ያለ ደብዳቤ ይወረወራል። ልመናም አያስፈልግም። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ያለ መብት ነው፤ አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃናት ጥቅም በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል። ከፈለጋችሁ ሁለቱን በአንድ መስመር ጥቀሱ።

ፊርማ አሰባስቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። የወላጅ ስብሰባ ቀን ወረቀቱን መግቢያው ላይ አስቀምጡ። ስምና ፊርማ ይበቃል፤ ስልክ ቁጥር የኮሚቴዎቹ ብቻ ይጻፍ።

አስገብታችሁ አትመለሱ፣ ተከታተሉ

የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ጠፋ። እውነት ነው የምላችሁ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ወጣን፣ ከወር በኋላ ስንመለስ የሚያውቀው ሰው የለም። እጃችን ላይም ምንም አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ በእናንተ ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተም አስመቱ። ከዚያ «ለማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስምና የቢሮ ቁጥር ያዙ።

በየሁለት ሳምንቱ ሂዱ፣ በተቻለ ሁለት ሆናችሁ። «ስብሰባ ናቸው»፣ «ፊልድ ወጥተዋል»፣ «ነገ ተመለሱ» ይመጣል። አትበሳጩ፤ ቀኑንና የተባላችሁትን ደብተር ላይ አስፍሩ። እኛን የረዳችን አንዲት ወጣት መሐንዲስ ናት፣ በአራተኛው ምልልስ ያገኘናት። «እህቴ፣ ይሄን 50 ሜትር እናንተ ናችሁ የለካችሁት?» አለችና ወረቀቱን ደግማ አነበበችው።

ባለሙያ ሲመጣ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ከመጣ ጭር ያለ መንገድ አይቶ «ችግር አላየሁም» ብሎ ይጽፋል። መግቢያ ሰዓት ካልሆነ ቀጠሮው እንዲቀየር በትሕትና ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሲመጣ አታጨናንቁት፣ አንድ ሰው ብቻ ያስረዳ። ልጆቹ በሚሻገሩበት አብራችሁት ተሻገሩ።

ጊዜውንም አስቡበት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅድ የሚያዘው ከዚያ በፊት ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ የገባ ጥያቄ ገንዘቡ አልቆ፣ የሚቀጥለውም ተደልድሎ ይደርሳል። ደግሞ የአስፋልት ቀለም በክረምት ዝናብ አይቀባም። ልኬቱን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጨርሶ ከገና በፊት ማስገባት ጥሩ ነው።

ዝም ከተባላችሁ በዚያው መሥሪያ ቤት ወዳለው ቅሬታ ሰሚ ሂዱ፣ የገቢ ቁጥሩን ይዛችሁ። ከዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም። ግን መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ መጨረሳችሁን ይጠይቃችኋል፣ ማህተም ያለበት ኮፒ ያኔ ዋጋው ይታያል። ራዲዮ ጣቢያና ፌስቡክ ላይ ማውጣትም ይቻላል። እኔ ግን በሁለተኛው ወር ከማውጣት በስድስተኛው ወር ማውጣትን እመርጣለሁ፤ ያኔ ስንት ጊዜ እንደተመላለሳችሁ በቀን ቆጥራችሁ መናገር ትችላላችሁ።

ከተሠራ በኋላ

ጉብታው የተሠራ ሳምንት እንደገና ሜትሩን ይዛችሁ ውጡና ያንኑ 50 ሜትር ለኩ። ፍጥነቱ ካልወረደ ጉብታው ዝቅ ብሏል ወይም ቦታው ተሳስቷል፤ አሁኑኑ ተናገሩ፣ ተቋራጩ ሳይርቅ። ጉብታው ላይ ቀለምና ከፊቱ ምልክት መኖሩን እዩ፤ ማታ የማይታይ ጉብታ ራሱ አደጋ ነው። ለሠሩላችሁ ሰዎችም የምስጋና ደብዳቤ በኅብረቱ ማህተም ጻፉ። ያቺ መሐንዲስ በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነግራናለች።

የእኛ ፋይል ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጋ ይቀመጣል። ደብዳቤዎቹ፣ የገቢ ቁጥሮቹ፣ የልኬት ደብተሩ፣ ሜትሩ ሳይቀር እዚያ አለ። ክረምት ሲወጣ የዜብራው ቀለም ስለሚደበዝዝ፣ መስከረም ላይ አዲስ የተመረጡ ሁለት ወላጆች ክላሰሩን ተረክበው በሩ ላይ ይቆማሉ።